«እገሌ ድኗል» ማስረጃ ይሆናልን?

«እገሌ ቅጠሉን ቀብቶ ድኗል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ?» የሚለው አነጋገር የዝሆኔ ሕመምተኛን ለከንቱ ወጪ ይዳርጋል። ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይደለም፤ የሐኪም ጥርጣሬም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ሰው ታሪክ ነው። ነገር ግን ዝሆኔ እየተነሣ የሚተው ሕመም አለው፤ እግር ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ሰውነት ያተኩሳል፣ ከቀናት በኋላ ይበርዳል። ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚወጣው ሲብስበት ነውና ያን ዕለት የተቀባው ሁሉ ባይረዳም ምስጋናውን ይወስዳል። ይህን እያወቁ የአንድ ሰው ምስክርነት ይዘው መድኃኒት የሚቸበችቡ ሰዎች ሊወቀሱ ይገባል።

ከዚህ ስሕተት የሚያወጣን ማነጻጸር ነው። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት 696 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን የእግር እጥበት፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ወዲያው አገኘ፤ ሌላው ከ12 ወር በኋላ። በዓመት ውስጥ ሕመሙ በአንድ ሰው ላይ የተነሣው በአማካይ በመጀመሪያው ቡድን 19.4፣ በሁለተኛው 23.9 ጊዜ ነው። ልብ በሉ፤ እግሩን የሚንከባከበውም ሰው ብዙ ጊዜ ታሟል። ጎረቤቱ ቢመሰክር «መታጠቡ ምንም አልፈየደለትም» ባለ ነበር። ስለዚህ ምስክርነት የማይረባውን ከማንገሥ አልፎ የሚረዳውንም ያስጥላል። «በዕጣ ማከም በሰው ላይ መጫወት ነው» የሚሉ አሉ፤ ሁለተኛው ቡድን ግን ሕክምናው ዘገየበት እንጂ አልተነፈገም፤ ዕጣውም ሁለቱን ቡድኖች በዕድሜም በኑሮም ያቀራርባል። እርግጥ ጥናቱ ድክመት አለው፤ እግሩን የሚታጠብ ሰው መታከሙን ያውቃልና ይህ ስለ ሕመሙ የሚናገረውን ሊያዛባ ይችላል።

«ብዙ ሰው ከተጠየቀ ጥናቱ ጠንካራ ነው» የሚለውም አያስኬድም። ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ቢጠየቅ፣ ታማሚው ጫማ ባለማድረጉ ታመመ ወይስ ያበጠው እግሩ ጫማ አልገባ ብሎት ባዶውን ቀረ የሚለውን አይለይም። «ያለ ዕጣ እውነት አይገኝም» ማለትም ስሕተት ነው፤ ጫማ ከዝሆኔ ያድን እንደሆነ ለማወቅ ብሎ ልጆችን በዕጣ ጫማ የሚከለክል አይኖርም። ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በሽታውን ከቀዩ የእሳተ ገሞራ አፈር ጋር ያያያዘው በዕጣ ሳይሆን በሽታው ያለበትን አገርና አፈሩን እያስተያየ ነው።

ስለዚህ መድኃኒት ሲነገራችሁ «ማን ዳነ?» ብላችሁ አትቁሙ፤ «ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸርስ?» በሉ። መልስ የሌለው ሻጭ ገንዘባችሁን አይገባውም።