ሽሮ ከሽን-ኦኩቦ

ቶኪዮ ውስጥ ተራ ሱፐርማርኬት የገባ ሰው የሚበላ አጣሁ ሊል አይችልም። ዓሣው በዓይነት በዓይነቱ ተከትፎ ተደርድሯል፤ እንጉዳዩ ብዙ ነው፤ ቶፉው ለብቻው አንድ ማቀዝቀዣ ይዟል። ችግሩ የሚጀምረው ወጥ መሥራት ሲታሰብ ነው። ምስር ክክ የለም። ቅመም ቢኖርም ጣት በምታህል ጠርሙስ ነው፤ የተፈጨ ቀይ በርበሬ 15 ግራም ገደማ ታሽጎ ሾርባ ላይ ለመነስነስ ይሸጣል። በዚያ መጠን በርበሬ ማሰናዳት የሚሞክር ሰው ጠርሙስ ሲከፍት ይውላል።

ሆኖም ጃፓን ውስጥ ጨርሶ የማይገኝ የውጭ እህልና ቅመም ጥቂት ነው። የተፈለገው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ያለው ግን ለሌላ ሰው ተብሎ በተከፈተ ሱቅ ውስጥ ነው። አንዱ ሱቅ ለደቡብ እስያ ሠራተኛና ተማሪ፣ ሌላው ለምግብ ቤት ባለቤት፣ ሌላው ለኤምባሲ ቤተሰብ፣ ሌላው አዲስ ጣዕም መሞከር ለሚወድ ጃፓናዊ ይሠራል። ለማን እንደተከፈተ ያወቀ ሸማች የእሽጉን መጠንና የዋጋውን ነገር ከበር ሆኖ ይገምታል።

በቶኪዮ ያሉ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩት በከተማዋ ምሥራቅ፣ በካትሱሺካ ወረዳ ነው። ለወጥ የሚሆነውን እህል የሚያገኙት ግን ባቡር ተሳፍረው ነው፤ ዋናው መዳረሻም ሽን-ኦኩቦ። ያማኖቴ በሚባለው ከተማዋን በሚዞረው የባቡር መስመር ከሺንጁኩ ቀጥሎ ያለ ጣቢያ ነው። ሰፈሩ ስሙ የገነነው በኮሪያውያን ሱቆችና ምግብ ቤቶች ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች ጠባብ መንገድ ግን ኢስላም ዮኮቾ ትባላለች። የባንግላዴሽ፣ የፓኪስታን፣ የሕንድና የኔፓል ነጋዴዎች ሐላል ሱቆች ያሉት እዚያ ነው። የባስማቲ ሩዝ ጆንያ ከመግቢያው ጀምሮ ተቆልሏል፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ከነአጥንቱ በመጋዝ የተቆራረጠ የፍየልና የበግ ሥጋ አለ፤ ቅመሙ በ100 ግራም ሳይሆን በኪሎ ታሽጓል። ዋጋውም ከሱፐርማርኬቱ ጠርሙስ ጋር አይነጻጸርም።

እዚህ ሱቅ ውስጥ የሚያስቸግረው ስም ብቻ ነው፤ ስሙ ከታወቀ የአዲስ አበባ ጉልት ያህል ይቀላል። ማሱር ዳል የተባለው ቀዩ የምስር ክክ ነው። ቻና ዳል የሽምብራ ክክ፣ ማተር ዳል የአተር ክክ። ቱር ዳል የአተር ክክ መስሎ ያታልላል፤ የርግብ አተር የሚባለው ነው፤ አልጫ ሆኖ ሲቀርብ መለየቱ አይቀርም። ሜቲ አብሽ ነው፤ ዳኒያ ድንብላል፤ ሃልዲ እርድ፤ ካሎንጂ ጥቁር አዝሙድ፤ አጅዋይን ነጭ አዝሙድ። ኤላይቺ ሔል ነው። ኮረሪማ የለም። ጥቁሩን ትልቅ ሔል በኮረሪማ ምትክ የሚገዙ አሉ፤ እኔ አልመክርም፤ በጭስ የደረቀ ስለሆነ ቅቤውን ጭስ ጭስ ያሰኘዋል። ከዚያ ይልቅ አረንጓዴው በትንሹ ይሻላል።

የሽሮው ጉዳይ ትንሽ ቆም ማለት ይፈልጋል። ሽሮ ፈላጊ እጁ ቶሎ የሚሄደው ቤሳን ወደተባለው ቢጫ ዱቄት ነው። ቤሳን ሳይቆላ የተፈጨ የሽምብራ ክክ ነው፤ እንዳለ ወጥ ሲሠራበት ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ቢንተከተክም ያ ጣዕም በቀላሉ አይለቅም። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መደርደሪያ ላይ ሳቱ የሚባል ሌላ ዱቄት አለ። የቢሀርና የባንግላዴሽ ሰዎች በውኃ በጥብጠው የሚጠጡት፣ ተቆልቶ የተፈጨ ሽምብራ ነው። ቀለሙ ከቤሳን ጠቆር፣ ሽታው ከበሶ ጠጋ ይላል። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ነጭ አዝሙድና ጨው ሲገባበት ሽሮ ሆነ ማለት ነው። ሳቱ የጠፋ ዕለት ቤሳኑን በደረቅ ድስት፣ በለስላሳ እሳት፣ እጅ ሳያሳርፉ ሽታው እስኪለወጥ ማመስ ነው፤ ካረረ ግን ይመራል።

በርበሬውን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለ። የሕንዶቹ የካሽሚር በርበሬ ቀለሙ ደማቅ፣ ማቃጠሉ ልከኛ ነው። ከኮሪያውያኑ ሱቅ የሚገኘው ጎቹጋሩ ደግሞ ሸካራ፣ ጣፈጥ ያለ፣ በኪሎ የሚሸጥ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ ዝንጅብሉንና ቅመሙን ጨምሮ ዳግም መፍጨት ለክፉ አይሰጥም። የሀገር ቤቱን ይተካል የሚል ካለ ግን ቀምሶት አያውቅም።

ስለ እርድ አንድ ነገር፦ ጃፓኖች ኡኮን ይሉታል፤ ኮንቢኒ በሚባሉት ትናንሽ ሱቆች በትናንሽ ጣሳ ተሞልቶ ይሸጣል። ለወጥ አይደለም፤ የሥራ ባልደረቦች አመሻሽተው ሊጠጡ ሲሄዱ ስካሩ በነጋታው እንዳይጎዳቸው ብለው የሚጨልጡት ነው።

ለምሥራቅ ቶኪዮ ነዋሪ ቀረብ የሚለው የኡዌኖ ገበያ አሜዮኮ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጥቁር ገበያነት ተነሥቶ የቀረ ሰፈር ሲሆን፣ አሜዮኮ ሴንተር በተባለው ሕንጻ ከመሬት በታች ባለው ወለል የቻይናና የታይላንድ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ተፋፍገዋል። ሱፐርማርኬት የማያወጣው የሆድ ዕቃም እዚያ ይገኛል፤ ብዙው የአሳማ ነውና ለዱለት የሚገዛ ሰው ሳይጠይቅ አይክፈል።

የጅምላውን መንገድ የያዘው ግዮሙ ሱፓ ነው። የመጀመሪያው ሱቅ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕዮጎ ክፍለ ሀገር ሚኪ ከተማ ተከፍቶ ዛሬ በመላ ሀገሪቱ ከ1,000 በላይ ደርሷል። ስሙ ለባለሙያ ምግብ አብሳዮች የተከፈተ ያስመስለዋል፤ ማንም ሰው ግን ያለ አባልነት ካርድ ገብቶ ይገዛል። ተከትፎ የቀዘቀዘ ሽንኩርት በከረጢት ይሸጣል፤ ይህ ለወጥ ሠሪ ትልቅ ፈተና ነው። እንባ ያድናል፣ ግን ውኃ ያዘለ ስለሆነ ቁሌቱ ከመጥበስ ይልቅ ይቀቀላል። ቸኩለው ዘይት ካልጨመሩበትና ውኃው እስኪመጥ ከጠበቁት ያወጣል።

በሌላው ጫፍ ያለው ካልዲ ኮፊ ፋርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ቶኪዮ ሺሞታካይዶ የመጀመሪያ ሱቁን የከፈተው ይህ ድርጅት ስሙን የወሰደው ቡናን አገኘ ከሚባለው ከኛው የፍየል እረኛ ነው። መተላለፊያው ሁለት ሰው በቅጡ አያሳልፍም፤ የጣሊያን ፓስታ፣ የታይላንድ ካሪ፣ የፈረንሳይ ብስኩት እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። በራፉ ላይ በትንሽ ስኒ ቡና እያስቀመሰ ደንበኛ መሳብም የታወቀበት ልማዱ ነው። እረኛው የኛ ቢሆንም ሽሮ ብሎ እዚያ መግባት ከንቱ ድካም ነው። ቡና ከሆነ ግን ጃፓን ለኢትዮጵያ ቡና አዲስ አይደለችም። ሞካ በሚለው ስም ዘመናትን ያስቆጠረ ደንበኛ አለው፤ ይርጋጨፌና ሲዳሞም በስማቸው ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኝቶ ንግዱ ክፉኛ አሽቆልቁሎ ነበር፤ ጃፓን ከሁለት ዓመት ቀደም ብላ ደረጃ ላልወጣላቸው ኬሚካሎች ሁሉ 0.01 ፒፒኤም የሚል ጥብቅ ወሰን አውጥታ ነበርና። ቤቱ ቆልቶ ማፍላት የሚሻ ሰው ጥሬውን ቡና ከቆዪ ሱቆች ናማማሜ ብሎ ይጠይቅ።

ሴይጆ ኢሺ እ.ኤ.አ. በ1927 በፍራፍሬና በቆርቆሮ ምግብ ሻጭነት የጀመረ፣ ዛሬ አይብና የወይን ጠጅ ለሚወድ ደህና ደመወዝተኛ የሚሠራ ሱፐርማርኬት ነው። ሂሮ ከተባለው ሰፈር አጠገብ ያለው ናሽናል አዛቡ የኤምባሲ ሰፈር ሱቅ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው።

ከውጭ የገባ እሽግ ምግብ ሁሉ ጀርባው ላይ በጃፓንኛ የተጻፈ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ግዴታ ነው። የተሠራበት ነገር፣ የመጣበት ሀገር፣ ያስመጣው ድርጅትና የማለቂያ ቀኑ ይነበባል። ለጾመኛ ደግሞ ሕጉ ሳያስበው ውለታ ውሎለታል። ሰውነት የሚያስቆጡ ተብለው የግድ መገለጽ ካለባቸው ነገሮች ውስጥ ወተትና እንቁላል ስላሉበት፣ የእነዚህን ሁለት ነገሮች ፊደል የለየ ሰው ዳቦውንም ብስኩቱንም በጾም ወቅት በዓይኑ ያጣራል። ዓሣ ግን በግዴታው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ዳሺ የተባለው የዓሣ መረቅም ከሾርባ እስከ ድንች ጥብስ ድረስ ስለሚገባ ዓሣ የማይበላ ጾመኛ ሙሉውን ዝርዝር ማንበብ አለበት።

በነጋዴዎቹ መካከል ደግሞ የቆየ የሦስት እጅ ልማድ አለ። አንድ ምግብ ዕድሜው ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በመጀመሪያው ሲሶ ወደ ሱቅ መግባት፣ ሁለተኛው ሲሶ ሲያልቅ ከመደርደሪያ መነሣት አለበት ይባላል። ረጅም ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ዕቃ ይህን ቀጠሮ ለመጠበቅ ይቸገራል። በቅናሽ ሱቆች ከውጭ የመጣ የወይራ ዘይትና ቸኮሌት ዋጋው ወድቆ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ዕቃው ምንም አልሆነም።

ለንጥር ቅቤ የሚሆን ቅቤ በየሱፐርማርኬቱ በ200 ግራም አለ። ካርቶኑ ላይ ሾኩኤን ፉሺዮ የሚለውን፣ ማለትም ጨው ያልገባበትን፣ መምረጥ ነው። ውድ ነው፤ የወተት ምርት ሲያንስም ይጠፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 መደርደሪያው ባዶ ሆኖ መንግሥት ተጨማሪ ቅቤ ከውጭ እስከማስገባት ደርሶ ነበር። ኪሱን የሚያስብ ሰው ከሐላል ሱቅ ጊ የተባለውን የነጠረ ቅቤ ገዝቶ ከቅመም ጋር በዝግታ ዳግም ያሞቀዋል።

ጤፍ የጤና ምግብ ተብሎ በትናንሽ ከረጢት ይገኛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 እህሉ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከከለከለች በኋላ አሜሪካ ውስጥ የሚመረተው በየሀገሩ ቦታውን ይዟል። በዚያ ዋጋ የሳምንት እንጀራ አይታሰብምና ኮሜኮ ከተባለው የሩዝ ዱቄት ጋር መቀላቀል ያዋጣል። በበጋው ወበቅ ሊጡ በአንድ ቀን ይነሣል፤ በጥር ብርድ ግን ማሞቂያ አጠገብ ካልሆነ ዝም ብሎ ይተኛል። በሰኔው የዝናብ ወቅት ሽሮና በርበሬ ውጭ ያስቀመጠ ሰው ሻጋታ ወይም ነቀዝ ያገኘዋል፤ ቦታቸው ማቀዝቀዣ ነው።

ጌሾ ማፈላለግ ይቅር። የጃፓን ሕግ የአልኮል መጠኑ 1 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነን መጠጥ ያለ ፈቃድ መጥመቅን ይከለክላል፤ ለራስ ጉሮሮም ቢሆን አይፈቀድም። የቤት ጠመቃው የታገደው እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ ነው፤ ጠላም ጠጅም እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ።

በሻንጣ የሚመጣውም ሥርዓት አለው። ቋንጣ፣ ቢደርቅም ቢታሸግም፣ ሥጋ ነውና በናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ይወረሳል፤ ሳያስመዘግቡ ማለፍ ደግሞ ከባድ ቅጣት ያመጣል። እርጥብ ጤና አዳም ላኪው ሀገር የሰጠው የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ከሌለው አይገባም፤ ከጥቅምት 2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለመንገደኛም የተለየ አስተያየት የለም። የደረቀ ቅመም ግን ለችርቻሮ በታሸገ መያዣ ከሆነ ከዕፅዋት ምርመራው ነጻ ነው። ስለዚህ ኮረሪማና ኮሰረት የሚልክ ዘመድ በፌስታል ቋጥሮ ከመስጠቱ በፊት ስሙ የተጻፈበትን የፋብሪካ እሽግ ቢገዛ ይሻላል።