ከሸንጎው ደጅ የቀረው መምህር

በ«ስታር ዋርስ» ዓለም መምህር ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ዮዳ ነው፤ ቀጥሎ ኦቢ-ዋን ኬኖቢ። ኦቢ-ዋንን ያሳደገው ክዋይ-ጎን ጂን ግን በትልቁ ስክሪን በሕይወት የታየው በአንድ ፊልም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1999 በወጣው «ዘ ፋንተም ሜናስ» መጣ፣ ፊልሙ ሳያልቅ ሞተ። ጆርጅ ሉካስ ጽፎ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በጊዜው ብዙ ተመልካች ቅር አሰኝቶ ነበር። የሰሜን አየርላንዱ ተዋናይ ሊያም ኒሰን የተጫወተው ይህ ቁመተ ረጅም፣ ጢማም ሰው ግን ዓመታት በሄዱ ቁጥር ክብደቱ ጨምሯል። ሊጨምርም ይገባዋል፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው መከራ ሁሉ ሥሩ እሱ የሞተበት ቦታ ነውና።

ለማያውቃቸው አንባቢ፣ ጄዳዮች የጋላክሲውን ሪፐብሊክ ሰላም የሚያስከብሩ፣ ግማሽ መነኩሴ ግማሽ ወታደር የሆኑ ሰዎች ናቸው። ሕይወት ያለውን ሁሉ የሚያስተሳስር «ፎርስ» የሚባል ኃይል አለ፤ ይህን ኃይል የመስማት ተሰጥዖ ያላቸው ሕፃናት በጨቅላነታቸው ከወላጆቻቸው ተለይተው በርእሰ ከተማዋ በኮረሳንት፣ በጄዳዮች ቤተ መቅደስ ያድጋሉ። ጋብቻ የለም፤ ልብን አንድ ሰው ላይ ማሰርም ክልክል ነው። ልጁ ከፍ ሲል ለአንድ መምህር ይሰጥና መምህሩን እየተከተለ በመንገድ፣ በድርድርና በውጊያ መሀል ይማራል። ከየኔታ እግር ሥር ላደገ የቆሎ ተማሪ ይህ አኗኗር እንግዳ አይሆንበትም። ከሁሉም በላይ አሥራ ሁለት አባላት ያሉት ሸንጎ ተቀምጦ ማን ይማር፣ ማን ይሾም፣ ማን የት ይላክ የሚለውን ይቆርጣል።

ክዋይ-ጎን በዚህ ሸንጎ ሊቀመጥ የሚችል ሰው ነበር። ሕጉን ቢያከብር ኖሮ እስካሁን ወንበር እንደሚኖረው ደቀ መዝሙሩ ኦቢ-ዋን በፊልሙ ውስጥ ፊት ለፊት ይነግረዋል። ክላውዲያ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው «ማስተር ኤንድ አፕረንቲስ» በተባለውና ታሪኩ ከፊልሙ ስምንት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በሚሆነው ልቦለድ ወንበሩ በእርግጥም ይቀርብለታል። ሰውየው ሹመት ያጣ ቅር የተሰኘ ባለሙያ አልነበረም። ከሸንጎው ውጭ የቀረው በጠባዩ ነው።

ጠባዩን ለማየት ከእሱ በላይ ያለውን ማየት ይጠቅማል። ዮዳ ዱኩን አስተማረ፤ ዱኩ ክዋይ-ጎንን፤ ክዋይ-ጎን ኦቢ-ዋንን፤ ኦቢ-ዋን ደግሞ አናኪን ስካይዎከርን። በዚህ ሐረግ ውስጥ ዱኩና ክዋይ-ጎን ሁለቱም አመፀኞች ናቸው። ሪፐብሊኩን ሙስና እንደበላው፣ ጄዳዮችም የፖለቲከኞች ዘብ ወደ መሆን እንደወረዱ ሁለቱም አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው «ቴልስ ኦፍ ዘ ጄዳይ» የተባለው አኒሜሽን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ትዕይንት ያሳያል። ሕዝቡን ያስራበ አንድ ሴናተር አለ፤ መንደርተኞቹ የሚሰማቸው ቢያጡ ልጁን ይይዙበታል። ዱኩ የሴናተሩን ክፋት ባየ ጊዜ በንዴት በፎርስ ያንቀዋል። ወጣቱ ክዋይ-ጎን መምህሩን በሰይፍ አይገጥምም፤ ሄዶ የተያዘውን ልጅ ነጻ ያወጣና ይዞት ይመጣል፣ ያን ጊዜ የዱኩ እጅ ይላላል። የወጣቱን ድምፅ የሰጠው የሊያም ኒሰን ልጅ ሚሃል ሪቻርድሰን ነው። ዱኩ በኋላ ከጄዳዮች ወጥቶ ወደ ሲዞች፣ ወደ ጨለማው ወገን ገባ፤ ሪፐብሊኩን ለሁለት የከፈለ ጦርነትም መራ። ክዋይ-ጎን ግን ያንኑ ብልሽት እያየ ከውስጥ ሆኖ ተከራከረ። እኔ ከባዱ አመፅ ይህኛው ይመስለኛል።

ሌሎቹ ጄዳዮች ዐይናቸው ወደ ሩቁ ነው፤ መጪውን ያሰላስላሉ፣ የጋላክሲውን ሚዛን ይመዝናሉ። ክዋይ-ጎን የሚያዳምጠው ሕያው ፎርስ የሚሉትን፣ አሁን እዚህ በፊቱ ባለው ፍጥረት ውስጥ የሚፈሰውን ነው። በናቡ ፕላኔት ደን ውስጥ ጃር ጃር ቢንክስ የሚባል ቅብጥብጥና ከወገኖቹ የተባረረ ፍጡር እግሩ ሥር ሲወድቅበት ኦቢ-ዋን በንቀት ያየዋል። ክዋይ-ጎን ግን ሕይወቱን ያተርፋል፤ የገዛ ወገኖቹ ሊቀጡት ሲሉም ሕይወቱን ስላተረፍኩት የእኔ ባለዕዳ ነው ብሎ ያስለቅቀዋል። ውሎ አድሮ የናቡን ሁለት ሕዝቦች የሚያስታርቀው መንገድ የተከፈተው በዚህ በተናቀ ሰው በኩል ነው።

ከዚያ ታቱዊን ትመጣለች፤ የሪፐብሊኩ ሕግ የማይደርስባት፣ ገንዘቡም የማይሠራባት የአሸዋ ፕላኔት። መርከባቸው ተበላሽቶ መለዋወጫ ፍለጋ ገብተው ዘጠኝ ዓመት የሞላውን አናኪንንና እናቱን ሽሚን ያገኛሉ። ሁለቱም ዋቶ የሚባል የዕቃ ነጋዴ ባሪያዎች ናቸው። የልጁ ደም ሲመረመር የፎርስ ምልክቱ ከ20,000 በላይ ሆኖ ይገኛል፤ ዮዳ እንኳ ይህን ያህል የለውም። ክዋይ-ጎን በጄዳዮች ትንቢት ይመጣል የተባለው ልጅ ይህ ነው ብሎ ያምናል። ቀጥሎ የሚያደርገው ግን ንጹሕ ሥራ አይደለም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሕይወት በሚቀጥፍ እሽቅድምድም ላይ ይወራረዳል፤ ዋቶ ከእናትና ልጁ አንዱን ብቻ አስይዛለሁ ብሎ ዕጣ ሲጥልም ዳዩ በልጁ በኩል እንዲወድቅ በፎርስ ገፋ ያደርገዋል። ልጁ አሸንፎ ነጻ ይወጣል፤ እናቱ እዚያው ትቀራለች።

ልጁን ሸንጎው ፊት ሲያቀርበው ሸንጎው ዕድሜው አልፏል፣ ፍርሃትም ይዞታል ብሎ ይመልሰዋል። ክዋይ-ጎን ሳያቅማማ እኔ አስተምረዋለሁ ይላል። ሕጉ አንድ መምህር በአንድ ጊዜ ሁለት ደቀ መዝሙር እንዳይይዝ ይከለክላል፤ ስለዚህ እዚያው ቆሞ ኦቢ-ዋን ለፈተና ደርሷል ብሎ ይናገራል። ኦቢ-ዋንን የተጫወተው ኢዋን ማክግሬገር በዚያች ቅጽበት የሚያሳየውን ፊት ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ዓመታት አብሮት የኖረ ተማሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከቤት ሲወጣ ይታየዋል። ርኅራኄው ለአዲስ መጪ ሲፈስ የቅርቡን ሰው ያደርቃል፤ ይህ የክዋይ-ጎን ጉድለት ነው።

በናቡ ቤተ መንግሥት የሚሆነው የሦስትዮሽ ፍልሚያ በዚህ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ካሉት ፍልሚያዎች ሁሉ ይበልጥብኛል። በአንድ ወገን መምህርና ተማሪ፣ በሌላው የማርሻል አርት ባለሙያው ሬይ ፓርክ የተጫወተው ባለ ሁለት አፍ ሰይፉ የሲዞች ተዋጊ ዳርዝ ሞል። ከጀርባ በሳንስክሪት የሚዘመረው የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ አለ። በመሀል ቀያይ የጨረር በሮች ይዘጉና ተዋጊዎቹን ይለያዩዋቸዋል። ሞል እንደታሰረ አውሬ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። ክዋይ-ጎን የብርሃን ሰይፉን አጥፍቶ ይንበረከካል፣ ዐይኑን ይጨፍናል። ሰውየውን በሙሉ በዚህች አፍታ ማወቅ ይቻላል። በሩ ሲከፈት ይነሣል፣ ይዋጋል፣ ይወድቃል። በኦቢ-ዋን እቅፍ ሆኖ የሚለምነውም ልጁን እንዲያስተምርለት ነው። ከ«ስታር ዋርስ» ሠሪዎች አንዱ የሆነው ዴቭ ፊሎኒ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለዚህ ትዕይንት ሲያብራራ፣ የሚፋለሙት በአናኪን ዕጣ ላይ እንደሆነና ልጁ ከክዋይ-ጎን ጋር አባቱንም እንዳጣ ተናግሯል። ኦቢ-ዋን ወንድም ሆኖለታል፤ አባት ለመሆን ግን ራሱ ገና ከተማሪነት መውጣቱ ነበር።

በዚህ ትርጓሜ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ክዋይ-ጎን ባመፀባቸው ጉዳዮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነበር። የከበደው ያላመፀበት ነው። ታቱዊን ላይ ለሽሚ የነገራት ባሪያ ነጻ ሊያወጣ እንዳልመጣ ነው፤ በዚያች ሰዓት የተናገረው እንደ ማንኛውም የሸንጎ መልእክተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት ሀብታሙና ኃያሉ የጄዳዮች ማኅበር ሽሚን ለመግዛት አንድ ሰው አልላከም። ያወጣት አንድ ተራ ገበሬ ነው፤ ገዝቶ ነጻ አደረጋት፣ አገባትም። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ፊልም በበረሃ ዘላኖች ተጠልፋ በልጇ እጅ ላይ ትሞታለች፤ አናኪንም ሴትና ሕፃን ሳይለይ ሰፈሩን ይፈጃል። በኋላ ወደ ጨለማው ወገን ገብቶ ዳርዝ ቬደር የሚሆነው ሰው መጀመሪያ የታየው በዚያች ሌሊት ነው። የክላውዲያ ግሬይ ልቦለድ ባርነትን አይቶ የማለፍን ጥያቄ ደጋግሞ ማንሣቱ ለዚህ ይመስለኛል፤ የክዋይ-ጎንን ሕይወት በቅርብ የመረመረ ጸሐፊ ያን ቁስል ሳይነካ ማለፍ አይችልም።

ሞቱ የታሪኩ ማብቂያ አልሆነም። ከሞት በኋላ ማንነትን ጠብቆ በፎርስ ውስጥ የመኖርን መንገድ ያገኘው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ፊልም መጨረሻ ዮዳ ይህንኑ ለኦቢ-ዋን ያበሥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው «ኦቢ-ዋን ኬኖቢ» የመጨረሻ ክፍል ደግሞ ኒሰን ራሱ በበረሃው መሀል ለተማሪው ይገለጥለታል።

ከሁሉ የምወደው ግን «ዘ ክሎን ዋርስ» በተባለው አኒሜሽን ስድስተኛ ምዕራፍ ያለው ነው። ዮዳ በጸሎቱ መሀል የክዋይ-ጎንን ድምፅ ይሰማል፤ ለሸንጎው ሲናገር የሚያምነው ያጣል፣ ታመመ ተብሎ ይመረመራል። ድምፁ ወደ ዳጎባ ፕላኔት ና ይለዋል። ያ ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ ክዋይ-ጎን ያመጣውን ልጅ አይሆንም ብሎ የመለሰው የሸንጎ አለቃ፣ ያለ ሸንጎው ፈቃድ ከቤተ መቅደሱ ሹልክ ብሎ ይወጣል። እንዲያመልጥ የሚረዳውም አናኪን ነው።