ሽንት ቤቱ ነው ወይስ ባለቤቱ?

«ሽንት ቤት ያለው ቤት ልጅ ትራኮማ አይይዘውም፤ ጥናት አረጋግጦታል።» ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ ወሬ ነው። ሽንት ቤት መቆፈር ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ጠቤ ከእሱ ጋር አይደለም። ጠቤ «አረጋግጦታል» ከሚለው ቃል ጋር ነው። ቤት ለቤት ዞሮ ማን ሽንት ቤት እንዳለው፣ የማን ልጅ ዓይኑን እንደታመመ የመዘገበ ሰው ያየው ሁለቱ አብረው መገኘታቸውን ነው። አንዱ ሌላውን ሲያመጣ አላየም።

ትራኮማ ምን እንደሚያደርግ ለጎጃም አንባቢ አላስተምርም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ዳሰሳ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች 62.6 በመቶዎቹ ንቁ ትራኮማ እንደነበረባቸው ማስታወስ ይበቃል።

ይልቅ ሽንት ቤት የሚቆፍረው ማን ነው? የቢቸና ዙሪያ መሬት ብዙው ዋልካ ነው። ዋልካ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ይናዳል፤ እንዳይናድ በእንጨት መደገፍ አለበት። ስለዚህ ሽንት ቤት ያለው ሰው አንድም ጉልበት ያላቸው ልጆች አሉት፣ አንድም እንጨት የሚገዛበት ገንዘብ አለው፣ አለዚያም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትለውን ሰምቶ የሚፈጽም ዓይነት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ቤት የልጁን ፊት ቶሎ ቶሎ ያጥባል፤ ልጁ ሲታመምም ቀድሞ ያሳክማል። የልጁን ዓይን ያዳነው ታዲያ ጉድጓዱ ነው ወይስ ጉድጓዱን ያስቆፈረው ነገር?

ተመራማሪዎች ይህን አያጡትም። ቆርቆሮ ክዳን ያለውን ከቆርቆሮ፣ ሣር ክዳኑን ከሣር፣ የተማረች እናትን ከተማረች ጋር ያነጻጽራሉ። ማስተካከል የሚቻለው ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው። ጠዋት ተነሥታ በነጠላዋ ጫፍ የልጇን ዓይናር የምትጠርግ እናት ትጋቷን የሚመዘግብ መጠይቅ የለም። «የልጅሽን ፊት ዛሬ አጥበሻል?» ብትባል ያላጠበችውም «አዎ» ትላለች። እኔ የምወደው አንድ ዘዴ አለ፦ ሽንት ቤት በምንም መንገድ ሊደርስበት የማይችል ነገር መፈለግ። የክትባት ካርድን ውሰዱ። ሽንት ቤት ልጅ አይከትብም። ባለ ሽንት ቤቶቹ ልጆች ግን በክትባትም እጅግ ልቀው ከተገኙ፣ ሁሉንም አስተካክለንም ልዩነቱ ካልጠፋ፣ መዝገባችን የሚለካው ጉድጓዱን ሳይሆን ባለቤቱን ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ዝንቧ ደግሞ ነገሩን ታወሳስበዋለች። ከትራኮማ ጋር ስሟ የሚነሣው ሙስካ ሶርበንስ እንቁላሏን የምትጥለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው፤ የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ አትራባም። ወሬው እውነት የሚመስለውም በዚህ ነው። ዝንብ ግን አጥር አታውቅም። የእኔ ሽንት ቤት የጎረቤቴን ልጅ ሊጠብቅ፣ የጎረቤቴ ሜዳ መውጣትም የእኔን ልጅ ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ ቤትን ከቤት ማነጻጸሩ ራሱ ሊያሳስት ይችላል፤ መነጻጸር ያለበት መንደር ከመንደር ነው።

ይህ የተሠራው ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ በሚገኘው በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ነው። ታና በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተመደቡ። ዕጣ ታታሪውንና ሰነፉን አይለይም። ከአንድ ጎተራ በሁለት ቁና የተሰፈረ እህል ነቀዙም ጤነኛውም በሁለቱ ቁናዎች ተቀራራቢ እንደሚሆን ሁሉ፣ የጠየቅነውም ያልጠየቅነውም ነገር በየወገኑ ተቀራራቢ ይሆናል። ከእነዚህ 24ቱ ሁሉም አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ወሰዱ፤ ለ12ቱ በዕጣ ሽንት ቤት የማስቆፈር ዘመቻ ተጨመረላቸው። ሽንት ቤቱ በዛ። ኢንፌክሽኑ ከመድኃኒቱ በኋላ ሲመለስ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚያሳምን ልዩነት አልታየም።

«ሽንት ቤት አይጠቅምም» ለማለት የቸኮለ ይታገሥ። ሁለቱም ወገኖች መድኃኒት ወስደዋል፤ መድኃኒቱ ኢንፌክሽኑን ከደቆሰው በኋላ ሽንት ቤት የሚጨምረው ትንሽ ነገር ቢኖር ለማየት ይከብዳል። ክትትሉ ሁለት ዓመት ነበር። ዕጣ የወጣውም ለዘመቻው እንጂ ለጉድጓዱ አይደለም። ስለ ተቅማጥና ስለ ሆድ ትላትል ደግሞ ይህ ሙከራ አልተጠየቀም።

በዚያው ወረዳ ማንም ያልጠበቀው ሌላ ነገርም ታየ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት እንደሚለው መድኃኒቱ በአንድ ዓመት በዘገየባቸው ቦታዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ሞት በዓመት ከ1,000 ልጆች 8.3 ሲሆን፣ በወሰዱት 4.1 ነበር። ይህን ከተራ መዝገብ ባገኘው አላምነውም ነበር፤ ለመድኃኒት እደላ የሚመጣው ጤነኛውና ቅርብ ያለው ነውና። ዕጣውም ቢሆን ሰፊ ስሕተት ተሸክሞ ነበር፦ ቅናሹ ከ10 እስከ 71 በመቶ ሊሆን ይችላል። በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ በጣም ሰፍቶ ሲደገም፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የተገኘው ቅናሽ 13.5 በመቶ ነው (እ.ኤ.አ. 2018)።

ዕጣ የማይጣልበት ጉዳይም አለ። በሞጣ ወይም በቢቸና ሆስፒታል የሞቱ አራስ ሕፃናትን ቆጥሮ ቤት ከተወለዱት ጋር ያነጻጸረ ሰው ሆስፒታሉን ገዳይ ሊያደርገው ይችላል። ቤት ስታምጥ አድራ ነገሩ ሲከፋ በቃሬዛ የመጣችው እናት የምትቆጠረው እዚያ ነዋ! ሽንት ቤቱን ያለ ሥራው ያስመሰገነው ስሕተት ሆስፒታሉን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል። መፍትሔው ምጥ ሳይጀምር መመዝገብ ነው፦ እርጉዟ የት ልትወልድ እንዳሰበች፣ ቤቷ ከጤና ተቋም ምን ያህል እንደሚርቅ። ከዚያ የትም ትውለድ የት፣ በመጀመሪያው ምዝገባዋ ትቆጠራለች። እኔ ከሐሳቧ ይልቅ ርቀቱን አምናለሁ፤ ሐሳብ የታታሪ ነው። ባልደረቦቼ ግን መንገድ ዳር ያለ ቤት በስንቱ ነገር እንደሚለይ ይቆጥሩልኛል፤ እስካሁን አልተስማማንም።