ገንዘብ፣ ድምፅና የቡና አምራቹ

በገንዘብና በዴሞክራሲ መካከል ያለው ግንኙነት የፈላስፎች ብቻ ጉዳይ መስሎ የሚታያቸው ወገኖች አይታጡም። በጅማ ከተማ ለሚኖር የጊንጆ ቀበሌ ነዋሪም ሆነ በአጋሮና በሊሙ ዙሪያ ለሚገኝ ቡና አምራች ግን ጥያቄው የዕለት ኑሮ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከመሠረቱ ልንመረምረው እንወዳለን።

አርስቶትል የጥቂቶችን አገዛዝ ከሕዝብ አገዛዝ የሚለየው የገዢዎቹ ቁጥር ሳይሆን ሀብትና ድህነት መሆኑን ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት አስገንዝቧል። የአቴና ሰዎችም ይህን በተግባር ያውቁት ነበር። በፔሪክሊስ ዘመን ለሸንጎ ዳኞች የቀን አበል መክፈል የጀመሩት ድሃው ሥራውን ትቶ ለመዳኘት እንዲችል ነው። የፈረንሳይ ነገሥታት ግን የተገላቢጦሹን መረጡ። በ1814 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ቻርተር ለመምረጥ የ300፣ ለመመረጥ ደግሞ የ1,000 ፍራንክ ቀጥተኛ ግብር ከፋይ መሆንን ግዴታ አደረገ።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜያቸው 21 ዓመት ለሞላ ወንዶችና ሴቶች የመምረጥ መብት ሰጠ። ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለመመረጥ ግን በምርጫው ክልል 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ማስመዝገብ የግድ ሆነ። እንግዲህ በከፋ ጠቅላይ ግዛት በባለመሬት ይዞታ ላይ ቡና እያረመ፣ እየለቀመ ይኖር የነበረው ጭሰኛ በ1950 ዓ.ም. ምርጫ ምን ዕድል ነበረው? መምረጥ ተፈቀደለት፤ መመረጥ ግን ዋጋ ተተመነለት።

ውጤቱም ብዙ አልቆየም። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤቱ ቢቀርብም፣ ምክር ቤቱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. እስከተበተነበት ቀን ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። በንብረት ሚዛን ተመዝነው የገቡ እንደራሴዎች ያንኑ ንብረት የሚነካ ሕግ እንዲያጸድቁ መጠበቅ ከንቱ ነበር።

ካርል ማርክስ በ1844 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፉ፣ መንግሥት የንብረትን መስፈርት ከምርጫ ሕግ ሲሰርዝ ንብረት በኑሮ ላይ ያለውን ሥልጣን አብሮ እንደማይሰርዝ አሳይቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት አፈረሰ። ይሁን እንጂ በተከታዮቹ ዓመታት የቡናውን ዋጋ መንግሥት ሲተምን አምራቹ በትመናው ላይ ድምፅ አልነበረውም። የባለመሬቱ ሚዛን ቢሰበርም፣ የሚመዝነው እጅ የአምራቹ እጅ አልሆነም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 በማናቸውም አቋም ልዩነት ሳይደረግ የመምረጥና የመመረጥ መብትን ደንግጓል። የተጻፈው መስፈርት ተሰርዟል፤ ያልተጻፈውስ? ክረምት ሲገባ እህሉ ያለቀበት ገበሬ ገና ያልደረሰውን ቡና ተስፋ አድርጎ ከነጋዴ ይበደራል። በጥቅምትና በኅዳር እሸቱ ሲቀላ ገዢውም ዋጋውም አስቀድመው ተወስነዋል። ጎተራው በሌላ ሰው እጅ የሆነበት ዜጋ በስብሰባ ላይ ምን ያህል በነፃነት ሊናገር እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ።

መፍትሔው ገንዘብን መርገም አይደለም፤ ገንዘብን በድምፅ ሥር ማዋል ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ አባሉ ያለው ዕጣ አንድም ይሁን አሥር ድምፁ አንድ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ይህ ታላቅ መርህ ነው። ነገር ግን ማኅበሩ በመኸር ወቅት ጥሬ ገንዘብ አጥቶ የአባሉን ቡና መግዛት ሲሳነው፣ አባሉ ድምፁን በአዳራሹ ትቶ ቡናውን ተሸክሞ ወደ አበዳሪው ይሄዳል። ስለዚህ ለማኅበራት በወቅቱ የሚደርስ ብድር የባንክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። አቴናውያን ለዳኛው አበል የከፈሉበት ምክንያትና ጉዳዩ አንድ ነው፦ ድሃው ሳይፈራ እንዲፈርድ።