ለወሎ ተዘፈነ፤ ወሎ ግን አልዘፈነም

በ1977 ዓ.ም. ኅዳር 16 ቀን ሎንዶን ከተማ ውስጥ አብዛኞቹ የእንግሊዝና የአየርላንድ ተወላጆች የሆኑ ስመ ጥር ዘፋኞች በአንድ የድምፅ መቅረጫ ቤት ተሰብስበው፥ በአንዲት ቀን አንድ ዘፈን ቀርጸው ወጡ። ያሰባሰቧቸው ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የተባሉት ሁለት ዘፋኞች ናቸው። ለዚህ ያነሣሣቸውም ጥቅምት 13 ቀን ቢ.ቢ.ሲ. የተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከኮረም ያሳየው የረሃብ ፊልም ነበር። ፊልሙን ያነሣው ኬንያዊው መሐመድ አሚን፥ ወሬውን ያሰማው ማይክል በርክ ነው። ኮረም በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ስለዚህ ያ ዘፈን ዓለምን ቢያዳርስም፥ የተዘፈነው ለእኛው አገር ሰው ነው።

ሸክላው በእንግሊዝ አገር ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፥ ጥር 20 ቀን፥ አሜሪካኖቹ በበኩላቸው ሎስ አንጀለስ ላይ ተሰበሰቡ። ሐሳቡን ያመነጨው ሃሪ ቤላፎንቴ፥ ግጥሙንና ዜማውን ያዘጋጁት ማይክል ጃክሰንና ላዮነል ሪቺ ሲሆኑ፥ ከዚያ የተገኘው ገንዘብ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ በሎንዶንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን ታላቅ የሙዚቃ ትርዒት ተደረገ። እህል ተገዛ፤ የጭነት መኪና ተገዛ፤ መርከብም ተከራየ። ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው።

የሆነ ሆኖ አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። የሎንዶኑ ዘፈን አርእስቱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ እነዚህ የተራቡት ሰዎች የገና በዓል መድረሱን ያውቁ ይሆን? ብሎ ይጠይቃል። ላሊበላ የምትገኘው በዚያው በወሎ፥ በላስታ ነው። በየዓመቱ ለገና ከአራቱ ማዕዘን በእግሩ የሚጓዘው ምእመን፥ ከቋጥኝ በተፈለፈሉት ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚያድረው ሕዝብ፥ ይህን ጥያቄ ቢሰማ ምን ይል ነበር? ጠያቂው ደግ ሰው ነው፤ ጥያቄው ግን አድራሻውን ስቷል። የሳተበትም ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል፤ በዚያ የመቅረጫ ቤት ውስጥ አንድም የወሎ ድምፅ አልነበረም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ፥ ወሎ የዘፈንና የምጽዋት ግንኙነት እንግዳ ያልሆነበት አገር መሆኑ ነው። ላሊበሎች፥ በአንዳንድ ቦታም አሚና የሚባሉት፥ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ። ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው። መሣሪያ የላቸውም፤ መሣሪያቸው ጉሮሯቸው ነው። አስቀድመው ስለ ባለቤቱ ከጎረቤት ያጣራሉ፤ ስሙ ማን ነው? ልጅ ወልዷል? ሐዘን አግኝቶታል? ከዚያ በር ላይ ቆመው ስሙን በግጥሙ እያስገቡ ያወድሱታል፤ እርሱ ግጥሙን ሲያወርድ እርሷ ትቀበላለች። ሰውዬው ከመኝታው ተነሥቶ እህልም ገንዘብም፥ አሮጌ ልብስም ቢሆን ሰጥቶ ምርቃቱን ይቀበላል። ቢዘገይ ዘፈኑ ይረዝማል፤ ጨርሶ ቢነፍግ ግጥሙ ወደ ነቀፌታ ይዞራል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ለምጽዋት መዝፈንን የተማሩት ከሎንዶን አይደለም።

ላሊበሎቹ የሚዘፍኑት ካልዘፈኑ የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ነው ሲባል ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ፍርሃት ነው። ሐኪሞች ግን በሽታው የሚመጣው ከተሐዋሲ እንጂ ከዘር እርግማን እንዳልሆነ አርማወር ሃንሰን የተባለው ኖርዌያዊ ሐኪም በ1873 እ.ኤ.አ. ተሐዋሲውን ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ያውቃሉ። ዛሬም ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስሙ የታወቀው በተለይ በዚሁ በሽታ ሕክምና ነው። ቦሩ ሜዳ ሲባል የታሪክ ተማሪ የሚያስታውሰው በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበትን ሜዳ ነው፤ የወሎ ገበሬ ግን ሐኪም ቤቱን ያስታውሳል። በበኩሌ የገበሬው ትዝታ ይበልጥብኛል።

እንግዲህ የአገሬው ዘፋኞች ለዚህ ሐኪም ቤት ሕሙማን መርጃ የሚሆን አንድ የዘፈን ስብስብ ቢያወጡ ምን ይመስል ነበር? ችሎታው እንደማያንስ የታወቀ ነው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፥ ባቲና አምባሰል፥ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አገር ነው፤ አንዷ የገበያ ከተማ፥ ሌላው ተራራ። ትዝታንም ቢሆን ወሎዬ ለሌላ አሳልፎ አይሰጥም። በዚያ ላይ የእስላሙ መንዙማ ከነድቤው፥ የክርስቲያኑ ዝማሬ ከነከበሮው አለ፤ በሠርግና በለቅሶ ግን ሁለቱም ወገን አብረው ናቸው። በደርግ ዘመን ደሴ ላይ የተቋቋመው ላሊበላ የኪነት ቡድን ከዚህ ሀብት ቀድቶ አገሩን ሁሉ አስጨፍሯል፤ የአምባሰል ንግሥት የተባለችው ማሪቱ ለገሰም የወጣችው ከዚያ ነው። በ1980 ዓ.ም. ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው ቡድን የአውሮፓንና የሰሜን አሜሪካን ከተሞች እየዞረ ስለ ተደረገልን ርዳታ ምስጋና ሲያቀርብ፥ ዓለም ከፎቶግራፉ ባሻገር የኢትዮጵያውያንን ድምፅ ሰማ። ነገር ግን ያ የምስጋና ጉዞ ነበር፤ እኔ የምለው ራስን በራስ ስለ መርዳት ነው።

ቀድሞ ችግሩ ሸክላው ነበር። ተሰማ እሸቴ በበርሊን ከተቀረጸ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከዚያ ጀምሮ የአገራችን ዘፋኝ ዜማውን በሦስትና በአራት ደቂቃ እየቆረጠ ማስገባት ግድ ሆኖበት ኖረ። ፈቃዱም ሌላ ጣጣ ነበር፤ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፥ ዐምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። ዛሬ ሁለቱም እንቅፋት ተነሥቷል። ላሊበላው ግማሽ ሰዓት ቢዘፍንም የሚቆርጠው የለም።

አሁን የሚያስጨንቀው የገንዘቡ አካሄድ ነው። የሕዝብ ዜማ ባለቤት የለውም ተብሎ የመሰንቆ ተጫዋቹን ድምፅ በነጻ መውሰድ የቆየ ልማድ ነው። የቅጅና የተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ዜማው የማንም ቢሆን የከዋኙን መብት ያውቅለታል። ስለዚህ አዝማሪው መብቱን ለሕሙማኑ ሲሰጥ፥ ምን እንደ ሰጠ ዐውቆ በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ ይነበብለት። አዝማሪ የዕለት እንጀራውን በዕለት የሚያገኝ ሰው ነውና፥ በቀረጻው ቀን የዋለበት አበልም ሊከፈለው ይገባል። በሎንዶኑ ዘፈን ጊዜ ዘፋኞቹ ያለ ዋጋ መዝፈናቸው የተመሰገነ ነው፤ እነርሱ ግን ማታ የሚገቡበት ቤት ሞልቶላቸው ነበር።

የሕሙማኑም ፍላጎት ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል መሣሪያና መድኃኒት ተዘርፏል፤ ጤና ጣቢያዎችም ባዶ ቀርተዋል። ከሥጋ ደዌ የዳነ ሰው እንኳ እግሩ ደንዝዞ የቀረ እንደ ሆነ ልዩ ጫማ ይፈልጋል፤ ጫማው ከሌለ ቁስሉ ይመለሳል። አንድ የዘፈን ስብስብ ሆስፒታል አይሠራም፤ ጫማ ግን ይገዛል።

ቅደም ተከተሉን ለሙያተኞቹ እተዋለሁ። የኔ ምርጫ ከተጠየቀ ግን መጀመሪያ የሚሰማው ስመ ጥሩ ዘፋኝ ባይሆን እወዳለሁ። በትዝታም በአምባሰልም ሳይጀመር፥ መሰንቆና ክራር ሳይነካ፥ አንድ ላሊበላና ሚስቱ በር ላይ ቆመው ባለቤቱን በስሙ ይጥሩት።