አምስት ሲባዛ በሦስት፦ በአንዲት አነስተኛ የሼል ፕሮግራም ውስጥ ስህተትን ስለማደን

በዩኒክስና በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምር ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሚሰጡት መልመጃዎች አንዱ የሂሳብ ማሽን መሥራት ነው። ፕሮግራሙ በስክሪኑ ላይ የምርጫ ዝርዝር ያወጣል፤ 1 ለመደመር፣ 2 ለመቀነስ፣ 3 ለማባዛት፣ 4 ለማካፈል፣ 5 ለመውጣት። ተጠቃሚው ምርጫውንና ሁለት ቁጥሮችን ሲያስገባ ውጤቱን አሳይቶ ዝርዝሩን መልሶ ያቀርባል። ሁሉም ነገር ከሠላሳ መስመር ብዙም አያልፍም። ይሁን እንጂ በዚህች ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ሊሸሸጉ የሚችሉት ስህተቶች ከመጠኗ ጋር የሚመጣጠኑ አይደሉም። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ስህተቶች ጥቂቶቹን እየነቀስን ምንጫቸውንና አስተራረማቸውን እንመለከታለን።

ሼል በተጠቃሚውና በስርዓተ ክወናው መካከል የሚቆም ትእዛዝ ተርጓሚ ነው። ዛሬ የምናውቀውን የሼል ቋንቋ መልክ ያስያዘው ስቲቨን ቦርን ሲሆን፣ በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ሼል እ.ኤ.አ. በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር ወጥቷል። በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ የምናገኘው ባሽ ደግሞ ብራያን ፎክስ ለጂኤንዩ ፕሮጀክት ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1989 የቀረበ የእርሱ ወራሽ ነው። (ምርጫዎችን የሚለየው «ኬዝ» የተባለው ትእዛዝ ራሱ ቃሉ በላቲን ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ተጽፎ «ኤሳክ» ተብሎ መዘጋቱ፣ ቦርን ቀደም ሲል ከሠራበት ከአልጎል 68 ቋንቋ የመጣ ልማድ ነው።) እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሼል የተፈጠረው ሌሎች ፕሮግራሞችን ለማስነሳት እንጂ ለማስላት አለመሆኑ ነው። የቦርን ሼል በራሱ መደመር እንኳ አይችልም ነበር፤ ስሌቱን «ኤክስፕር» ለተባለ ሌላ ፕሮግራም አሳልፎ ይሰጣል። የአብዛኛው ችግር መነሻም ይህ ርክክብ ነው።

መደመርና መቀነስ ያለ ችግር ይሠራሉ። ተጠቃሚው 3ን መርጦ 5ን እና 3ን ሲያስገባ ግን ከ15 ይልቅ የአገባብ ስህተት መኖሩን የሚገልጽ መልእክት ይመጣል። ጸሐፊው «ኤክስፕር 5 * 3» ብሎ በትክክል የጻፈ ይመስለዋል። ነገር ግን መስመሩን አስቀድሞ የሚያነበው ኤክስፕር ሳይሆን ሼሉ ነው። ለሼሉ ደግሞ የኮከብ ምልክት ማለት በነጥብ ከሚጀምሩት በቀር በፎልደሩ ውስጥ ያሉ የፋይሎች ሁሉ ስም ማለት ነው። ስለሆነም ኮከቡን አንስቶ በቦታው የፋይሎቹን ስም ይደረድርና ለኤክስፕር ያቀብላል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ አንዱ ምልክት ሁለት ፍቺ አለው፣ ሼሉም የሚይዘው ጸሐፊው ያላሰበውን ነው።

ይህን ስህተት አስቸጋሪ የሚያደርገው አልፎ አልፎ መጥፋቱ ነው። ፕሮግራሙ ባዶ ፎልደር ውስጥ ሆነን ብንጠራው፣ ሼሉ የሚተካው ስም ስለማያገኝ ኮከቡን እንዳለ ይተወዋል፤ ውጤቱም 15 ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ተማሪ «እኔ ጋ ይሠራል»፣ ሌላው «እኔ ጋ አይሠራም» ቢሉ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከዚህም የከፋ አለ። በፎልደሩ ውስጥ ያለው ብቸኛ ፋይል ስሙ የመደመር ምልክት (+) ቢሆን፣ ፕሮግራሙ ምንም ሳያጉረመርም አምስት ሲባዛ በሦስት ስምንት ነው ይለናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኮከቡን በጥቅስ ምልክት ማጠር ወይም ከፊቱ ወደ ኋላ ያዘነበለውን መስመር (\*) ማኖር ይበቃል።

እንዲህ ያለውን ስህተት ጽሑፉን ደጋግሞ በማንበብ ማግኘት ይከብዳል፤ ዓይን የሚያነበው የታሰበውን ነውና። ፕሮግራሙን «ባሽ -ኤክስ» ብለን ስናስነሳው ግን ሼሉ እያንዳንዱን ትእዛዝ፣ ተለዋዋጮቹንና ኮከቦቹን ከተካ በኋላ ባለው መልኩ፣ ከመፈጸሙ በፊት ያሳየናል። ያን ጊዜ በ5 እና በ3 መካከል የፋይሎች ስም ተሰልፎ እናያለን። ለጀማሪ አንድ መሣሪያ ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህንን ነው። ፕሮግራሙን ሳያስኬድ አገባቡን ብቻ የሚመረምረው «-ኤን» እዚህ ላይ አይረዳም፤ በሼሉ ሰዋስው ረገድ መስመሩ እንከን የለበትምና።

ክፍት ቦታም የራሱ ጣጣ አለው። «ኤክስፕር 5+3» ብለን አጣብቀን ብንጽፍ መልሱ 8 ሳይሆን ያው «5+3» ነው። በአንጻሩ ለተለዋዋጭ ዋጋ ስንሰጥ በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ ብንተው ሼሉ የተለዋዋጩን ስም እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ «አላገኘሁትም» ይላል።

ማካፈል ላይ ያለው ስህተት ግን ዝም ብሎ ያሳስታል። ኤክስፕር የሚያውቀው ሙሉ ቁጥርን ብቻ ስለሆነ 7 ለ2 ሲካፈል 3 ይላል። ይህ በመልመጃ ላይ ቀላል ሊመስል ይችላል። ፕሮግራሙን የተማሪዎችን አማካይ ነጥብ ለማስላት ተጠቀምንበት እንበል። በ30 ክሬዲት 90 ነጥብ ያላት ተማሪና በ30 ክሬዲት 119 ነጥብ ያላት ተማሪ ሁለቱም 3 ተብለው ይመዘገባሉ፤ የሁለተኛይቱ ትክክለኛ አማካይ ግን ከ3.96 በላይ ነው። የስህተት መልእክት የለም። በስክሪኑ ላይ የሚታየው እርግጠኛ የሚመስል 3 ብቻ ነው።

መፍትሔው ስሌቱን ሎሪንዳ ቼሪና ሮበርት ሞሪስ በቤል ላቦራቶሪ ላዘጋጁት «ቢሲ» ለተባለው ፕሮግራም መስጠት ነው። እርሱም ቢሆን ካልታዘዘ ማካፈልን ከነጥብ በኋላ አይቀጥልም፤ «ስኬል» የሚባለውን ልኬት 2 ስናደርገው 3.96 ይሰጠናል። ወደ ቅርቡ ቢጠጋጋ 3.97 በሆነ ነበር፤ ቢሲ ግን ይቆርጣል እንጂ አያጠጋጋም። የሚቆርጠውም በየደረጃው ስለሆነ 2 ለ3 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 66.00፣ 2 በ100 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል ግን 66.66 ይወጣል። መቁረጥ ይሻላል ወይስ ማጠጋጋት የሚለውን መወሰን ያለበት ሬጅስትራሩ ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊው ግን ጥያቄው መኖሩን ማወቅ ይገባዋል።

በባሽ ድርብ ቅንፍ የሚያሰላ ሰው ደግሞ ከፊታቸው ዜሮ ካለባቸው ቁጥሮች ይጠንቀቅ። ባሽ እነዚህን በ8 መሠረት ስለሚያነባቸው 010 ሲደመር 5 ለእርሱ 13 ነው፤ 08 ደግሞ ጨርሶ ቁጥር አይደለም።

ሁለት ስህተቶች የሚወጡት ማንም የማይሞክረውን ስንሞክር ነው። አንደኛው 5 ሲቀነስ 5 ነው። ኤክስፕር ውጤቱ 0 ሲሆን የመውጫ ቁጥሩን 1 ያደርጋል፤ ይህም በዩኒክስ ልማድ የውድቀት ምልክት ነው። «ሴት -ኢ» ብሎ በመጀመሪያው ውድቀት እንዲቆም የታዘዘ ፕሮግራም ትክክለኛውን መልስ አግኝቶ ሳያሳየው ይሞታል። ሁለተኛው ተጠቃሚው በምርጫ ፈንታ ኮንትሮልና ዲን በአንድነት ሲጫን የሚከሰት ነው። ግብዓቱ ስላበቃ «ሪድ» ባዶ ተለዋዋጭ ይዞ ይመለሳል፤ ማለቂያ የሌለው ዑደትም «የተሳሳተ ምርጫ» የሚለውን መልእክት ስክሪኑ እስኪሞላ ይደጋግማል። ከ«ሪድ» ቀጥሎ፣ ንባቡ ካልተሳካ ዑደቱን የሚያቋርጠውን «ብሬክ» የተባለውን ቃል ስንጨምር ፕሮግራሙ በሰላም ይዘጋል።