መድኃኒት ቆዳን የሚልጠው እንዴት ነው?

ትኩሳት ይነሣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ከንፈር ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል። በእኛ ቤት የዚህ ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ምች። ዳማከሴ ይታሻል፣ ይጠጣል፣ ብዙ ጊዜም ይለቃል። ሰውየው ባለፉት ሳምንታት አዲስ ክኒን ጀምሮ ከነበረ ግን ምች ነው ብሎ መጠበቅ ዓይንን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ያስከፍላል።

ይህ በመድኃኒት የሚመጣ ከባድ የቆዳ ሕመም ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም ይባላል። ስሙ በ1922 እ.ኤ.አ. ሁለት ልጆች ላይ አይተው የጻፉት አሜሪካውያን ሐኪሞች ስም ነው። ያልተለመደ ሕመም ነው፤ የሚያስነሡት መድኃኒቶች ግን ብርቅ አይደሉም። ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል፣ ለሚጥል በሽታ የሚታዘዙት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ላሞትሪጂን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ለኤችአይቪ ይሰጥ የነበረው ኔቪራፒንም ከዋናዎቹ ናቸው። ሚሊዮኖች ያለ ችግር ይወስዷቸዋል።

ታዲያ ጥቂቶቹን ለምን? ሰውነታችን ውስጥ በቫይረስ የተያዘን ሴል እየፈለጉ የሚገድሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። ሴሎቻችን ደግሞ በላያቸው ላይ መታወቂያ ይሸከማሉ፤ ሳይንቲስቶች ኤችኤልኤ ይሉታል፤ ዓይነቱም ከወላጅ ይወረሳል። መድኃኒቱ በአንዳንድ ሰዎች መታወቂያ ላይ ይለጠፍና መልኩን ይለውጠዋል። ገዳዮቹ ሴሎች ያን ጊዜ የገዛ ቆዳችንን የተበከለ ባዕድ አድርገው ያዩታል። ታይዋን ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. በካርባማዜፒን የታመሙ 44 ሰዎች ሲመረመሩ 44ቱም አንድ ዓይነት መታወቂያ ተገኘባቸው። ያ ዓይነት አፍሪካውያን ዘንድ እምብዛም የለም፤ ይህን ሰምቶ መዘናጋት ግን አይገባም፤ ለሌሎች መድኃኒቶች ሌሎች መታወቂያዎች አሉና።

ገዳዮቹ ሴሎች እስኪባዙ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሕመሙ የሚጀምረው በመጀመሪያው ፍሬ ማግስት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 28 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ሁለት ሳምንት ስውጠው ምንም አላለኝም» ብሎ መድኃኒቱን ነጻ ያወጣዋል። ከተባዙ በኋላ ግን ግራኑላይሲን የተባለ መርዛም ፕሮቲን ይረጫሉ፣ የላይኛው ቆዳ ሴሎችም በጅምላ ይሞታሉ። የሞተው ቆዳ ከሥሩ ካለው ጋር የሚያያይዘው ስለማይኖር ሲነካ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተንሸራቶ ይነሣል። አፍ፣ ዓይንና ብልትም እንዲሁ ይላጣሉ። ቆዳው ከ30 በመቶ በላይ ከተላጠ ከሦስት ሕሙማን አንዱ ገደማ ይሞታል፤ የተረፉትም አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ያጣሉ።

ከመድኃኒት በኋላ የሚወጣ ሽፍታ ሁሉ ይህ አይደለም። አብዛኛው ያሳክካል፣ ይለቃል። የሚያስፈራው ከማሳከክ ይልቅ የሚያምመው፣ ትኩሳት ያለው፣ አፍና ዓይን የገባው፣ ውኃ የሚቋጥረው ነው። ይህን ያየ ሰው ቀጣዩን ፍሬ ሳይውጥ፣ የመድኃኒቱን ካርቶን ሁሉ ይዞ፣ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂድ። የሚጥል በሽታ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት ከሆነ ምትኩን የሚወስነው ሐኪሙ ነውና ቤት ቁጭ ብሎ ማቋረጥ ሌላ አደጋ አለው።

ላሞትሪጂን በጣም በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨመረው፣ ኔቪራፒን የመጀመሪያዎቹን 14 ቀናት በቀን አንዴ ብቻ ይሰጥ የነበረው ይህን አደጋ ለመቀነስ ነው። ቶሎ ይሻለኛል ብሎ መደራረብ በሩን መክፈት ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሪህ ሳይኖር «ዩሪክ አሲዴ ጨምሯል» ተብሎ፣ ወይም ጎረቤትን ስላሻለው ብቻ፣ አሎፑሪኖል ተገዝቶ ሲዋጥ ነው። ላልተፈለገ መድኃኒት ቆዳን መክፈል ከንቱ ኪሳራ ነው።

አንዴ የታመመ ሰው ያን መድኃኒት ዳግም መንካት የለበትም፤ ሁለተኛው በሰዓታት ውስጥ ሊጀምርና ሊብስ ይችላል። በፌኒቶይን የታመመ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታልም አይሰጠውም። እባክዎ የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ፣ ለሐኪምም ለፋርማሲም ያሳዩ፤ የሴሎቹ መታወቂያ፣ ኤችኤልኤው፣ በዘር ይወረሳልና ለልጆችዎ፣ ለወንድም እኅትዎም ይንገሩ።